ነጠላው ላይ ያሉት 3 ቀዳዳዎች

ባለፈው ሳምንት የድሬ ልጆች በምንሰባሰብበት የውይይት መድረክ ላይ አንድ ጥያቄ ለጠፍኩ። በእንፋሎት ባቡር የተሳፈረ ሰው በቤታችሁ አለ ወይ ነው ያልኩት። አራት አምስት ሰው ቢመልስልኝ ደስ ይለኛል ብዬ ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ 19 መልስ ተደርድሯል። እሁድ ጠዋት 41 ደረሰ። የማወራችሁ የዚያን ክር፣ ማለትም የጥያቄውንና የመልሶቹን ሰንሰለት፣ ታሪክ ነው። አብዛኞቹ በስማቸው ስላልጻፉ እኔም በመልሳቸው ቁጥር እጠራቸዋለሁ።

መጀመሪያ እኔ የጻፍኩትን ላስቀድም። አያቴ 86 ዓመቷ ነው። ለገሃሬ ሰፈር ነው የምትኖረው። ሳጥኗ ውስጥ የእናቷ ነጠላ አለ። ጥለቱ ደብዝዞ ቀይ ይሁን ብርቱካን መለየት አይቻልም። ትከሻ ላይ በሚያርፈው በኩል 3 ቀዳዳዎች አሉት። ሁለቱ የምስር ፍሬ ያህላሉ። ሦስተኛው ትንሽ ሰፋ ይላል። ጠርዛቸው ቡናማ ነው፣ በጣት ሲዳስሱት ይሻክራል። ብል የበላው ነጠላ እንዲህ አይሆንም።

አያቴ የ10 ዓመት ልጅ ሳለች፣ በ1942 ዓ.ም. ገደማ ማለት ነው፣ እናቷን ጉልበታቸውን ያማቸው ነበር። ኤረር ፍል ውሃ ሊጠመቁ በባቡር ሲሄዱ እሷን አስከትለው ሄዱ። መስኮት ዳር ነበር የተቀመጡት። መንገድ ላይ ከፊት ከባቡሩ የመጣ የእሳት ፍንጣሪ በመስኮቱ ገብቶ ትከሻቸው ላይ አረፈ። አያቴ በመዳፏ ጥፍ ጥፍ አድርጋ አጠፋችው። ያን ስታወራ ዛሬም መዳፏን ትከፍተዋለች።

ይህን ጽፌ አንድ ነገር ጨመርኩበት። ድሬን የወለዳት እንፋሎት ነው፤ እኛ ግን ባቡር ስንል የምናወራው ስለ ናፍጣው ብቻ ነው። የናፍጣውን ባቡር የሚያስታውስ ሰው ሞልቷል። እንፋሎቱን የሚያስታውሱት ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፣ እነሱም አርጅተዋል። አሁን ካልጠየቅናቸው መቼ ልንጠይቃቸው ነው? ያልኩት ይኸው ነው።

1ኛውና 2ኛው መልስ ምርቃት ነበሩ። ለአያቴ ዕድሜና ጤና ተመኙልኝ፣ የነጠላውንም ፎቶ ጠየቁ።

3ኛው የጡረታ መምህር ይመስሉኛል። አጻጻፋቸው የሰከነ ነው። ታሪኩን ከሥሩ አመጡት። አጼ ምኒልክ የባቡሩን ውል ለስዊዙ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው ከጅቡቲ ተነስቶ በረሃውን አቋርጦ ድሬ የገባው በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ኩባንያው ከሰረ፣ ሌላ ተተካ፣ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ሆነ። ሐዲዱ በሁለቱ ብረት መካከል 1 ሜትር ብቻ ስፋት ነበረው። ብረቱም ቀላል ነበር፣ መጀመሪያ የተነጠፈው በሜትር 20 ኪሎ የሚመዝን ነው። 780 ኪሎ ሜትር ከምናምን መንገድ በዚያ ቀጭን ብረት ላይ ሄደ። እኚህ ሰው መጨረሻ ላይ ያሉት ደስ አለኝ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩ ሌሊት አይሄድም ነበር። ከጅቡቲ አዲስ አበባ 3 ቀን ይፈጅ ነበር። ተሳፋሪው አንድ ሌሊት ድሬ፣ አንድ ሌሊት አዋሽ ያድራል። ስለዚህ ድሬ ሆቴልና ቡና ቤት ያወጣችው ባቡሩ ሌሊት ስለማይሄድ ነው ብለው ጻፉ። ድሬን እንዲህ አስቤያት አላውቅም ነበር።

4ኛው ላይ ድምፁ ተቀየረ። ይኸኛው አያቴ ተሳስታለች አለ። በዚያ ዘመን ሰው ወደ ኤረር የሚሄደው በሊቶሪና ነው፤ ሊቶሪናን ጣልያን ነው ያመጣው፣ ፊያት የሠራው ነው፣ የሚሄደውም በሞተር ነው፣ ከእሱ የእሳት ፍንጣሪ አይወጣም፤ ልጅ ሆነው ያዩትን ሌላ ሰው ከነገራቸው ጋር አቀላቅለውት ይሆናል አለ። አነጋገሩ ትሕትና የጎደለው አልነበረም። ግን ደሜ ፈላ። አያቴን ውሸታም ያላት መሰለኝ።

5ኛው አቦ ተው ብሎ ብቻ አለፈ።

6ኛው እኔ ነኝ። ቀዳዳዎቹን መልሼ ገለጽኩ፤ ብል የእሳት ጠርዝ አይተውም አልኩ። 7ኛው አገዘኝ። አባቱ የነገሩትን ጻፈ። ሊቶሪና ገንዘብ ላለውና ለቸኮለ ነው፤ ድሃው የሚሳፈረው እቃና ሰው አንድ ላይ የሚጎትተውን ባቡር ነው። ያ ባቡር በየጣቢያው ይቆማል። ሁርሶ ይቆማል። የፍየልም፣ የከሰልም፣ የሰውም ፉርጎ አለው። አባቱ እንደሚሉት፣ በዚያ ባቡር ነጭ ለብሶ የተሳፈረ ሰው ሲወርድ ግራጫ ለብሶ ነው የሚወርደው። እናቶች ልጅ ሲያሳፍሩ ጀርባህን ለባቡሩ አፍ ስጥ ብለው ያስጠነቅቁ ነበር። ፊቱን ወደ ፊት አዙሮ በመስኮት ያሾለከ ልጅ ዓይኑ ውስጥ ጥላሸት ገብቶ ኤረር እስኪደርስ ያለቅሳል።

8ኛው አጭር ነው። ቅድመ አያቱ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ለገሃሬ አጠገብ ቆመው ንጉሡን ወደ ጅቡቲ የወሰደውን ባቡር ሲያልፍ አይተዋል። አጼ ኃይለ ሥላሴ ጣልያን አዲስ አበባ ከመግባቱ ቀደም ብለው የወጡት በዚህ ሐዲድ ነው። ቅድመ አያቱ ከሁሉ አብልጠው ያስታወሱት ያን ቀን ባቡሩ ድሬ ሲገባ ጡሩምባ አለመንፋቱን ነው። እውነት ይሁን አይሁን እኔ ልፈርድ አልችልም። የአንድ ሰው ትዝታ ነው፣ እንዲሁ እይዘዋለሁ።

9ኛው እንደገና ያው 4ኛው ነው። ነጠላ በኩሽናም ይቃጠላል፣ በከሰል ምድጃም ይቃጠላል አለ። ረጅም መልስ ጻፍኩለት፣ ከዚያ አጠፋሁት። ፎቶውን ብቻ ለጠፍኩ። ቀዳዳዎቹን በቅርበት አንስቼ፣ አጠገባቸው የ1 ብር ሳንቲም አስቀምጬ።

ከዚያ ከሐረር አንድ ሰው ገባ። የጁገል ልጅ ነኝ ብሎ ጀመረ። 10ኛው ነው። እናንተ ድሬዎች ስለ ባቡሩ ስታወሩ ሐረርን ምን እንዳሳጣት ማንም አያነሳም አለ። መጀመሪያ ታስቦ የነበረው ባቡሩ ሐረር እንዲገባ ነው። የሐረር ነጋዴ ከዚያ በፊት ቡናውን በግመል ወደ ዘይላ ወደብ ይልክ ነበር። ባቡሩ ከታች ሲቀር ንግዱ ተከትሎት ወረደ። የቅድመ አያቶቹ መጋዘን ባዶ ቀረ። ይህን የጻፈው በቅሬታ ነው፣ ቅሬታውም ይገባኛል።

11ኛው በጨዋ ደንብ መለሰለት። ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ድሬ 1,200 ገደማ ናት። በመካከላቸው ያለው ገደል ነው። የዚያን ጊዜ የእንፋሎት ባቡር ጭነት ይዞ እንዲያ ያለ ቀጥ ያለ ዳገት አይወጣም፣ ዙሪያውን ጠምዝዞ እንዲወጣ ማድረግ ደግሞ ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። ስለዚህ ሐዲዱ ከተራራው ግርጌ ቀረ። ድሬን አዲስ ሐረር ይሏት የነበረው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ቢበቃ ጥሩ ነበር። 12ኛው ሐረር ድሬን ወለደች እንጂ ድሬ ሐረርን አልወለደችም አለ። 13ኛው ልጅ እናቱን ከበለጠ ምን ይደረግ ብሎ መለሰ። 14ኛው ስድብ ስለነበረ አስተዳዳሪው አነሳው። ከስድቡ በፊት ግን አንድ ቁም ነገር ነበረው። ከድሬ ወደ ሐረር የሚወስደውን የደንገጎን ዳገት በመኪና የወጣ ሰው ሁሉ የባቡሩን ችግር ያውቀዋል ብሎ ነበር። እውነቱን ነው። ደንገጎ ላይ ዛሬም የጭነት መኪና ሞተሩ እያቃሰተ ነው የሚወጣው። ከኋላው የተከተለ ሰው ያን ጭስ እየጠጣ፣ ባቡር እዚህ እንዴት ይወጣ ነበር ብሎ ማሰቡ አይቀርም።

15ኛው ወደ ቃል ወሰደን። እኔ በጣም የወደድኩት እሱን ነው። ባቡር የሚለው ቃላችን ራሱ እንፋሎት ማለት ነው አለ። ፈረንሳይ ቫፐር ይላል፣ ጣልያን ቫፖሬ ይላል፣ ቱርክና ዐረብ አልፎ እኛ ጋ ሲደርስ ባቡር ሆነ። ለዚህ ነው በድሮ አማርኛ የእህል ወፍጮውም ባቡር የተባለው፤ እሱም በሞተር የሚሄድ ነውና። በአጼ ምኒልክ ዘመን አርመኑ ሰርኪስ ቴርዚያን አዲስ አበባ ያስገባው በእንፋሎት የሚሄድ መኪናም ሐዲድ ሳይኖረው የሰርኪስ ባቡር ተብሏል። ሐዲድ ላይ የሚሄደው እንዲለይ ነው የምድር ባቡር የተባለው። ስለዚህ እንፋሎቱ ከሄደ ስንት ዘመን ሆኖት ስሙን ግን ለናፍጣው አውርሶ ሄደ። ለኤሌክትሪኩም እንዲሁ። ይህን ሳነብ ለአያቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ታዲያ ምን ብለን እንጠራው ነበር አለችኝ።

16ኛው ቀጠለበት። ለገሃሬ ከፈረንሳይኛው ጣቢያ፣ ሸመንደፈርም ከፈረንሳይኛው የብረት መንገድ እንደመጡ ሁላችንም እናውቃለን። ሾፌር ግን? በፈረንሳይኛ መጀመሪያ ትርጉሙ አንዳጅ ነው፣ እሳት የሚያነድ። በእንፋሎት ባቡር ላይ ሾፌሩ የሚነዳው ሰው አልነበረም። የሚነዳው ማኪኒስቱ ነው፣ ሾፌሩ አካፋ ይዞ እሳቱን የሚመግበው ነው። ስለዚህ ዛሬ የባጃጅ ነጂውን ሾፌር ስንለው እሳት አንዳጅ እያልነው ነው።

ከ17 እስከ 22 ክሩ ከመስመሩ ወጣ። አንዲት ሴት እናቷ በጅቡቲው ባቡር ሽርጥና ዲራ እያመጣች 6 ልጅ እንዳሳደገች ጻፈች። ፊናንስ፣ የጉምሩክ ፈታሹ፣ ሲገባ እናቷ 5 ሽርጥ አንዱን በአንዱ ላይ ታጥቃ ወፍራ ትቀመጣለች። ስትወርድ ቀጭን ናት። አንዱ መጥቶ ይህ ኮንትሮባንድ ነው፣ ከአገር መስረቅ ነው፣ በዚህ መኩራራት አይገባም አላት። ሌላዋ እጅግ ቆጣ ብላ፣ አገሩ ለእነዚያ 6 ልጆች ቁርስ ሲሰጥ አላየሁም አለች። እዚህ ላይ ሐሳቤን ልናገር። ሕጉን አከብራለሁ። ግን የድሬን ግማሽ ያሳደጉ እናቶች በዚያ ፉርጎ ውስጥ የተሰቃዩ ናቸው፣ ስማቸው በኩነኔ ሊነሳ አይገባም። ይህንም 22ኛው ላይ ጻፍኩ። ወደ እንፋሎቱ እንመለስ ብዬም ለመንኩ።

23ኛው ተመለሰ፣ ግን በስህተት ተመለሰ። እንፋሎቱ የቀረው ከአዋሹ አደጋ በኋላ ነው አለ። 24ኛው ቶሎ አረመው። የአዋሹ አደጋ የደረሰው በጥር 1977 ዓ.ም. ነው። ባቡሩ ኩርባው ላይ በፍጥነት ሄዶ ነው የወጣው። ከ400 ሰው በላይ አለቀ። የሚጎትተው ናፍጣ ነበር። እንፋሎቱ ከዚያ ብዙ ዓመት በፊት ተሰናብቷል፤ የፈረንሳዩ አልስቶም ናፍጣ ባቡሮች የገቡት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ነው። እርማቱ ትክክል ነው። 25ኛው ላይ ግን አንድ ሰው ታላቅ ወንድሙ ከዚያ ባቡር አለመመለሱን ጻፈ። ሌላ ምንም አልጨመረም። ለሰዓታት ማንም ምንም አልጻፈም። ከዚያ አንድ በአንድ ነፍስ ይማር ማለት ጀመሩ። ከ26 እስከ 28 ያሉት እነሱ ናቸው።

29ኛው አስመራ ያደገ ሰው ነው። ከምጽዋ አስመራ ያለው ሐዲድ 118 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከባሕር ተነስቶ ደጋ ላይ ይወጣል አለ። ከኤርትራው ጦርነት በኋላ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ የባቡር ሠራተኞች ተጠርተው ሐዲዱን በእጃቸው መልሰው ሠሩት። የጣልያኑ ኩባንያ አንሳልዶ የሠራቸው የእንፋሎት ባቡሮችም እንደገና ጨሱ። እሱ ያለው፣ ድሬም ይህን ማድረግ ትችል ነበር ነው። 30ኛው የጣልያን ሥራ ለምን ይመሰገናል ብሎ ተቆጣ። 31ኛው ሽማግሌዎቹ ናቸው የተመሰገኑት እንጂ ጣልያን አይደለም፣ መልሰህ አንብብ አለው። ልክ ነው። 31ኛው በዚህ ላይ አንድ ነገር ጨመረ። እዚህ ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ያለው የባቡር ወርክሾፕ ዛሬም ሊጎበኝ ይችላል። አሮጌዎቹ የብረት መቅረጫ ማሽኖች እዚያው ናቸው። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ አለ። እኔም ሄጃለሁ። ዘይትና ዝገት ይሸታል። ትልልቆቹ ማሽኖች ላይ የፈረንሳይኛ ጽሑፍ አለ። እዚያ ቆሜ የአያቴን ነጠላ አላሰብኩትም ነበር፤ አሁን ግን ብሄድ አስበዋለሁ።

32ኛው ስለ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር አነሳ። በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፣ ጣቢያው ግን ከተማ ውስጥ አይደለም። ባጃጅ ወይም መኪና ይዘህ ትወጣለህ። የድሮው ባቡር ግን እኛ ቤት ፊት ለፊት ነበር የሚቆመው አለ። ከዚህ በላይ አልሄደበትም፣ እኔም አልሄድበትም።

ክሩን ያዳነው 33ኛው ነው።

ድሬ ሳቢያን ሰፈር የሚኖር ሰው ነው። አባቱ 91 ዓመታቸው ነው። ክሩን ከላይ እስከ ታች አነበበላቸው። ከዚያ አባትየው እየተናገሩ ልጅየው ጻፈ። ከ33 እስከ 36 ያሉት 4ቱም የእሳቸው ናቸው።

አባባ በ16 ዓመታቸው ለገሃሬ ዲፖ ተቀጥረው ነበር። ማኪኒስትም ሾፌርም አልነበሩም። ሥራቸው ቦይለር፣ ውሃው የሚፈላበትን የብረት በርሜል፣ ማጽዳት ነው። የእንፋሎቱ ባቡር ሆድ ውስጥ ገብተው የሚያጸዱ ልጆች ነበሩ። ትልቅ ሰው አይገባም፣ ጉድጓዱ ጠባብ ነው። ባቡሩ ከቆመና ከቀዘቀዘ በኋላ ልጁ በሆዱ ተስቦ ይገባል። ፋኖስ ይሰጡታል፣ ትንሽ መዶሻም ይሰጡታል። ግድግዳው ላይ የያዘውን ነጭ ቅርፊት እየቀጠቀጠ ያራግፋል። ድሬ ውሃ ማንቆርቆሪያን ምን እንደሚያደርግ ሁላችንም እናውቃለን። አዲስ የተገዛ ማንቆርቆሪያ በወሩ ውስጡ ኖራ ይሆናል። አባባ ያንን አስቡ አሉ። ማንቆርቆሪያው ቤት ያህል ነው፣ የሚፈላውም ቀን ከሌሊት ነው። ቅርፊቱ ካልተነሳ ሙቀት አያልፍም። እንጨት ወይም ከሰል ይበላል፣ እንፋሎት ግን አይሰጥም። በርትቶ ከወፈረ ደግሞ ብረቱ ይግልና አደጋ ያመጣል። ልጆቹ ሲወጡ ከእግር ጥፍር እስከ ራስ ፀጉር ነጭ ናቸው። የሾፌሮቹ ልብስ ጥቁር፣ የእነሱ ነጭ። የሰፈር ሰው ዱቄት ቤት የሚሠሩ እየመሰለው ይስቅባቸው ነበር።

ናፍጣው ለምን እንዳሸነፈም የነገሩን እሳቸው ናቸው። ሰው ፍጥነት ነው ይላል፣ አባባ ውሃ ነው ይላሉ። ከድሬ እስከ ጅቡቲ በረሃ ነው። እንፋሎቱ ከከሰሉ ይልቅ የሚጠማው ውሃ ነው። በየተወሰነው ርቀት ቆሞ ካልጠጣ አይሄድም። አይሻና አዲጋላ ጣቢያ ውሃ በስሌት ነው። በተጨማሪም ጠዋት የሚነሳ ባቡር ሌሊት 8 ሰዓት እሳቱ መለኮስ አለበት፣ ቀስ ብሎ ካልሞቀ ብረቱ ይሰነጠቃልና። ናፍጣው ግን ቁልፉን ትነካዋለህ፣ ይነሳል፣ ውሃ አይለምንህም። መጀመሪያ ሲመጣ የዲፖው ልጆች ቆመው አዩት። አባባ ያን ቀን ሥራዬ አለቀ ብዬ አወቅሁ አሉ። እውነትም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ሐዲድ ጥገና ተዛወሩ። ስለ ናፍጣው ግን ክፉ ቃል አልተናገሩም። ሳንባዬን ያዳነኝ እሱ ነው ብለዋል፤ አብረዋቸው ቦይለር ከሚያጸዱት ልጆች ሲያስሉ የኖሩ አሉና።

ከዚያ ወደ ነጠላው መጡ። ልጅየው ፎቶውን አሳያቸው፣ በስልኩ ላይ አጉልቶ። አባባ ረጅም ጊዜ አዩት። የኩሽና ፍም ሰው ላይ ሲፈነጠር ዘርፍ ነው የሚያገኘው አሉ። ሴት ምድጃ ላይ ስትጎነበስ የሚንጠለጠለው የነጠላው ዘርፍ ነው። ትከሻ ላይ ግን ከላይ ካልወረደ በቀር ፍም አይቀመጥም። ባቡሩ ዳገት ላይ ሲከብደው ሾፌሩ እሳቱን ይመግባል፣ እንፋሎቱ በኃይል ሲወጣ ከጭስ ማውጫው ትናንሽ ፍም ይዞ ይወጣል። ነፋሱ ወደ ኋላ ይመልሰዋል። መስኮት ዳር ያለ ሰው ትከሻውን ነው የሚያገኘው። ከመስኮት ራቅ ብሎ የተቀመጠው ይድናል።

4ኛው ሰው 37 ላይ መጣ። ሊቶሪና ነው ማለቴን አንስቻለሁ፣ እሜቴን ይቅርታ ጠይቂልኝ አለ። ቁጣዬ በአንድ ጊዜ ወረደ። ለአያቴ ነገርኳት። ይቅርታ የሚጠየቅበት ምን ተበደልኩ ብላ ተገረመች።

38 እና 39 እንደገና ስለ ሐረር ነበሩ። 40ኛው የክሩን ርዕስ ቀይሩት ብሎ ሐሳብ አቀረበ። 41ኛው ላይ የሳቢያኑ ሰው ስልክ ቁጥርሽን በውስጥ መስመር ላኪልኝ አለ፣ አባቱ አያቴን ማናገር ስለፈለጉ።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ደወሉ። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረግሁት። ሁለቱም ጆሯቸው ስለማይረዳ ይጮኻሉ። መጀመሪያ ለረጅም ጊዜ ሰላምታ ተለዋወጡ፤ እንደምን ዋሉ፣ እንደምን ከረሙ፣ የማን ልጅ ነዎት፣ የት ሰፈር። አያቴ እርስዎ ያኔ ባቡሩ ላይ ነበሩ ወይ አለቻቸው። እሳቸው ያኔ ገና እንዳልተቀጠሩ፣ ግን በዓመቱ ገደማ ዲፖው እንደገቡ ነገሯት። ቢሆን ያ ባቡር ከጊዜ በኋላ በእሳቸው እጅ የጸዳ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ይህን ካሰቡ በኋላ ትንሽ ዝም አሉ።

ከዚያ አባባ መንገድ ላይ ምን በላችሁ ብለው ጠየቋት። ሁርሶ ላይ ባቡሩ ሲቆም የኢሳ ሴቶች ወተት ይዘው መስኮት ሥር ይመጡ ነበር አለች። እናቷ ገዝተው ሰጧት። ያ ወተት የባቡሩ ጭስ ገብቶበት ጭስ ጭስ ይል ነበር፣ እስከ ዛሬ ባቡር ሲባል የሚመጣብኝ የዚያ ወተት ጣዕም ነው አለች።

አባባ በስልክ ሳቁ። ወተቱ ውስጥ የነበረው የባቡሩ ጭስ አይደለም አሏት። የኢሳ ሴቶች ወተት የሚይዙበትን ዕቃ አስቀድመው በእንጨት ያጥኑታል፣ ወተቱ እንዳይበላሽና ጥሩ መዓዛ እንዲይዝ። ባቡር ባይመጣም ያ ወተት ጭስ ጭስ ይላል።

አያቴ ነጠላውን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ነበር። ሦስተኛውን ቀዳዳ በጣቷ እየዳሰሰች፣ 76 ዓመት ሙሉ እኔ የወተቱ ጭስ የባቡሩ መስሎኝ ነበር አለች። ከዚያ አባባ ወተቱ የግመል ነበር የላም ብለው ጠየቋት። አላስታወሰችም። እንደገና ለመነጋገር ለፊታችን እሁድ ተቀጣጠሩ።